ለፊት ሾክ የትኛው ዘይት? 5፣ 10፣ 15 ወይስ ኤቲኤፍ፤ ለጅማና ለአካባቢዋ መንገድ የሚሆን ንጽጽር

ጅማ ላይ አንድ ሞተር ሳይክል በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት መንገድ ይረግጣል። ጠዋት ከአጂፕ ወደ መርካቶ አስፋልት ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ኮብልስቶን። ከሰዓት በኋላ በማና ወይም በዴዶ በኩል ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲያቀና ኮረኮንች ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ ቡና ማሳው ድረስ የሚያደርሰው ቀይ አፈር ይመጣል፤ ዝናብ ከነካው ደግሞ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ይህን ሁሉ ፊት ለፊት የሚቀበለው የፊት ሾክ ነው። ሆኖም የሞተር ዘይት ቀኑን ሳያሳልፍ የሚቀይር ሰው የሾኩን ዘይት ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። የሚነካው ሲያፈስ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የሚሞላው እጅ ላይ የተገኘው ዘይት ይሆናል።

እዚህ የምናነጻጽረው በሞላና በዘይት የሚሠራውን፣ ሁለት እግር ያለውን የሞተር ሳይክል የፊት ሾክ ዘይት ነው። የባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ የፊት አሠራር ሌላ ስለሆነ ከዚህ ውጭ ነው።

ዘይቱ ጭነት አይሸከምም

ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት አንድ ልማድ አለ። «ጭነት ስለሚበዛብኝ ወፍራም ዘይት ይደረግልኝ» ይባላል። ጭነት የሚሸከመው ሞላው ነው። የዘይቱ ሥራ ሞላው የሚጨመቅበትንና የሚመለስበትን ፍጥነት መግታት ነው። ሞተሩ በቆመበት ሁለት ሰው ቢቀመጥበት፣ ውስጡ ቀጭኑ 5 ቁጥር ዘይት ይኑር ወፍራሙ 20 ቁጥር፣ መጠኑ እኩል እስከሆነ ድረስ ሾኩ የሚወርደው እኩል ነው። ልዩነቱ እዚያ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ላይ ብቻ ነው።

ከተማውን የሞሉት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያሉ የሥራ ሞተሮች በአብዛኛው አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው። በታችኛው እግር ውስጥ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ቆሟል፤ ሾኩ ሲጨመቅና ሲዘረጋ ዘይቱ በእነዚያ ቀዳዳዎች ይገፋል። ቀዳዳው አይሰፋም፣ አይጠብም። ፍሬን ሲያዝ ሾኩ የሚወርደው በዝግታ ስለሆነ ዘይቱ ሳይቸገር ያልፋል። ጎማው በድንገት ጉድጓድ ሲመታ ግን ያ ሁሉ ዘይት በአንድ ጊዜ በጠባቡ ቀዳዳ መውጣት አለበት፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሾኩ ለቅጽበት እንደ ብረት ይደርቅና ምቱ በቀጥታ ወደ እጅ አንጓና ወደ ትከሻ ይሄዳል። ዘይቱን ማወፈር ይህን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ጉዳት ቶሎ አይታወቅም። እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ፣ ወፍራም ዘይት ያለበት ሾክ ከመጀመሪያው ሽብሽብ ተመልሶ ሳይዘረጋ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው። በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ታች ይሰበሰባል። ጥቂት መቶ ሜትር ከሄደ በኋላ የሞተሩ ፊት ዝቅ ብሎ፣ ሾኩ ሊሠራበት የቀረው ርቀት ጥቂት ጣት ብቻ ይሆናል። ባለሞተሩ «ሾኩ ላልቷል፣ ወለሉን እየመታ ነው» (እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ይጋጫል ማለት ነው) ብሎ ያስብና የባሰ ወፍራም ዘይት ያስሞላል። ችግሩ ያኔ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ዘይቱ ከልክ በላይ ሲቀጥን ደግሞ ሞላው ልጓም ያጣል። ጉድጓድ ካለፉ በኋላ ፊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል፤ ፍሬን ሲያዝ በአንዴ ይደፋል፤ ኩርባ ላይ ጎማው መሬቱን ይለቅና ይይዛል። ያረጀ ዘይትም ባሕርዩ እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ 10 ሆኖ ገብቶ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደ ቀጭን ዘይት ይሠራል።

ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር

የሾክ ዘይት 2.5፣ 5፣ 7.5፣ 10፣ 15፣ 20 እየተባለ ይሸጣል፤ ከቁጥሩ ጎን «ደብሊው» የሚል ፊደል አለ። ፊደሉ የተወሰደው ከሞተር ዘይት ነው። እዚያ ክረምትን፣ ማለትም በቅዝቃዜ ጊዜ ያለውን ባሕርይ የሚያመለክትና በደረጃ የተወሰነ ትርጉም አለው። በሾክ ዘይት ላይ ግን ሁሉም አምራች የሚገዛበት አንድ ደረጃ የለም። የአንዱ ፋብሪካ 5 ቁጥር ከሌላው 7.5 ሊወፍር ይችላል።

ለማወዳደር የሚያገለግለው ቁጥር የዘይት ውፍረት መለኪያ የሆነው ሴንቲስቶክ ነው። በአምራቹ የመረጃ ወረቀት ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም በጣሳው ጀርባ፣ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ ሆኖ ይጻፋል፤ ምልክቱ ሲ፣ ኤስ፣ ቲ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው። 5 ተብለው የሚሸጡት ከ15 እስከ 27 ሴንቲስቶክ ባለው ውስጥ ይገኛሉ። 10 የሚባሉት ከ30 ጀምሮ እስከ 47 ድረስ ይደርሳሉ። 15 የሚባሉት በ45 እና በ65 መካከል ናቸው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ስለዚህ «10 ነበር የሞላሁት፣ አሁንም 10 ሞላሁ፣ ግን ደረቀብኝ» የሚል ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከ32 ወደ 46 ዘሎ ይሆናል። አንድ ዓይነት ከተስማማዎት የምርቱን ስም ይያዙ፤ ሲቀይሩ ቁጥሩን ትተው ሴንቲስቶኩን ያመሳስሉ።

ትልቁ መደናገር የሚመጣው የሞተር ዘይትና የሾክ ዘይት ቁጥር አንድ ሲመስል ነው። «10 ደብሊው 30» የተባለ የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ ወደ 70 ሴንቲስቶክ ይጠጋል፤ ይህ ከሾክ ዘይት ጋር ሲመዛዘን ወደ 20 ቁጥር ነው። «20 ደብሊው 50» ከ150 ሴንቲስቶክ በላይ ይሆናል። በየጋራዡ በበርሜል የሚገኘው 40 ቁጥርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሾክ ውስጥ ሲገባ ሾኩ ሾክ መሆኑ ይቀራል።

ቁጥሩ የጠፋ ዘይት ሲያጋጥም፣ ደረጃውን በግምት የሚያሳውቅ ቀላል ዘዴ አለ። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይግዙ፤ መግፊያውን ያውጡና አፉ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የግሉኮስ ቱቦ ይግጠሙ። ቁጥሩ የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም ዘይት ሌሊቱን አንድ ክፍል ያሳድሩ፤ ሙቀታቸው እኩል መሆን አለበት። ሲሪንጁን አቁመው፣ ቱቦውን ወደ ታች ቀጥ አድርገው፣ ዘይቱ ከ50 እስከ 10 ምልክት ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በስልክ ሰዓት ይያዙ። ባለ 32 ሴንቲስቶኩ 60 ሰከንድ ፈጅቶ የማይታወቀው 120 ከፈጀ፣ ያ ዘይት ወደ 64 ይጠጋል። ላቦራቶሪ አይተካም፤ 10 ነው የተባለው ዘይት 20 መሆኑን ለማጋለጥ ግን ከበቂ በላይ ነው።

አማራጮቹ

መነሻው የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ፋብሪካው ዘንጉን የቀደደው አንድ የተወሰነ ዘይት አስቦ ነው፤ ለአነስተኛ የሥራ ሞተሮች ያ ዘይት ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር አካባቢ ነው። መጽሐፉ ከጠፋ፣ ባለ ዘንግ ሾክ ላይ ከ30 እስከ 36 ሴንቲስቶክ ያለው 10 ቁጥር ሞልቶ መጀመር የተሻለው ነው። ከዚያ ወዲህ ወይም ወዲያ የሚኬደው ሞተሩ ራሱ ምልክት ሲሰጥ ነው።

5 ቁጥር በእነዚህ የሥራ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ይቀጥናል። ቦታው ሌላ ነው፤ በውስጣቸው በዘንግ ፈንታ ካርትሪጅ (ለብቻው የቆመ የውስጥ ሲሊንደር) እና ቀጫጭን የብረት ቅጠል ያላቸው ዘመናዊ ሾኮች፣ በተለይም ወፍራሙ ቱቦ ከላይ የሆነባቸው ተገልባጮች፣ የሚፈልጉት 5 ወይም ከዚያ የቀጠነ ነው። በነዚህ ላይ 15 መሙላት ጥፋት ነው፤ ቅጠሎቹ ወፍራም ዘይት አያሳልፉም፣ ሾኩም ከነጭራሹ ይታሠራል።

7.5 ቁጥር ብዙ አይፈለግም፣ ግን ኮረኮንች ላይ ለሚውል ቀላል አሽከርካሪ ከ10 የተሻለ ምቾት ይሰጣል። ሱቅ ላይ ካልተገኘ፣ የአንዱን አምራች 5 እና 10 እኩል በእኩል ቀላቅሎ ማግኘት ይቻላል። ውጤቱ የሁለቱ አማካይ አይደለም፣ ከአማካዩ ትንሽ ወደ ቀጭኑ ያደላል፤ ባለ 18 እና ባለ 36 ሴንቲስቶክ እኩል ቢቀላቀሉ የሚወጣው 27 ሳይሆን ወደ 25 ነው። የሁለት አምራቾችን ዘይት ባይቀላቅሉ ይመረጣል፤ ተጨማሪ ቅመሞቻቸው ስለሚለያዩ አረፋ ሊያበዙ ይችላሉ።

15 ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ ትክክል ነው። አንደኛው ከ80 ኪሎ በላይ የሚመዝን አሽከርካሪ በአስፋልት ላይ ብቻ ሲነዳና በ10 ቁጥር ፊቱ ሲነጥርበት ነው። ሁለተኛው ሞላው በጠንካራ ከተቀየረ ነው፤ ጠንካራ ሞላ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚበዛ የሚገታው ዘይትም መወፈር አለበት። ከነዚህ ውጭ በገጠር መንገድ ላይ 15 መሙላት የሚጠቅመውን ያህል ይጎዳል። 20 ቁጥር ፋብሪካው ራሱ ካላዘዘው በቀር አይመከርም።

ኤቲኤፍ፣ ማለትም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት፣ ክብሩን ሊያገኝ የሚገባው አማራጭ ነው። ዴክስሮን 3 የሚባለው ዓይነት በ40 ዲግሪ ከ34 እስከ 36 ሴንቲስቶክ ገደማ ስለሆነ ከ10 ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። አረፋ እንዳያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ የኦይል ሲል (ዘይቱ ከሾኩ እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ጎማ አይበላም፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ መካከል ውፍረቱ ብዙ አይዋዥቅም። የቀድሞ የሆንዳ ሞተሮች መመሪያ ራሱ ኤቲኤፍ ያዝዝ ነበር። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በታሸገ ጣሳ ስለሚገኝ፣ ጅማ ላይ የሾክ ዘይት ጠፍቶ ሞተር ማቆም አያስፈልግም። ቀይ መሆኑም ጥቅም አለው፤ የሾኩ ክሮም ቱቦ ላይ ቀይ ቀለበት ከታየ ኦይል ሲሉ ማፍሰስ መጀመሩ ወዲያው ይታወቃል። አዳዲሶቹ የኤቲኤፍ ዓይነቶች ግን ከዴክስሮን 3 ይቀጥናሉ፤ ጣሳው ላይ ያለውን ስም ሳያነቡ አይግዙ።

የሃይድሮሊክ ዘይት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። የሎደርና የትራክተር ዘይት «አይኤስኦ ቪጂ» ከሚል ጽሑፍ ቀጥሎ 32፣ 46 ወይም 68 ተብሎ ይጻፍበታል። እዚህ ላይ ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ በ40 ዲግሪ ያለው ሴንቲስቶክ ራሱ ነው፣ ሊዛነፍ የሚችለውም 10 በመቶ ብቻ ነው። 32ቱ ለ10፣ 46ቱ ለ15 ይጠጋል፤ 68ቱ 20 ነው። ድካሙ ሲቀዘቅዝ ከሾክ ዘይት ይበልጥ መወፈሩ ነው። የጅማ ቀን ብዙ ስለማይቀዘቅዝ ይቻላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ግን የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ደረቅ ሆኖ ይሰማል። ከግንባታ ማሽን ከተቀዳ ክፍት ጄሪካን የሚሸጥ ከሆነ አይንኩት፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ኦይል ሲሉንም ቱቦው የሚንሸራተትበትን ቡሽንግም በጥቂት ወራት ይጨርሳል።

የሞተር ዘይት የመጨረሻው ነው። ውፍረቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። የሞተር ዘይት ቆሻሻን ይዞ እንዲዞር የሚያደርግ ማጠቢያ ቅመም አለው፤ ሾክ ውስጥ ያ ቅመም የገባውን ውሃ ከዘይቱ ጋር አዋህዶ ያስቀረዋል፣ ሲናጥም አረፋ ያበዛል። አረፋ በቀዳዳ ሲያልፍ ተቃውሞ የለውም፤ መንገዱ ሲረዝም ሾኩ እየላላ የሚሄደው ለዚህ ነው። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ደግሞ ሾኩን ይቆልፈዋል። የፍሬን ዘይት በስህተትም ቢሆን መግባት የለበትም፤ ጎማ ሲሉን ያሳብጠዋል፣ ቀለም ይልጣል።

ለየትኛው ሥራ

ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚጫንበት፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ የሚውል ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ 10 ቁጥር ወይም ኤቲኤፍ ይበቃዋል፤ እዚህ ላይ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ሰው እያመላለሰ የሚውል ሞተርም እዚያው 10 ላይ ይቆይ። ሁለተኛ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ በብዛት የሚያርፈው በኋላ ሾክ ላይ ነው፤ ፊቱ የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው። ሲደፋ ወለሉን የሚመታ ከሆነ መፍትሔው ከታች የምንገልጸው የዘይት ከፍታ ነው። ቁጥሩን ማሳደግ የሚደፋበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የሚደርስበትን ጥልቀት ግን አይለውጠውም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ጊዜ ከኋላ ጀንፈል ወይም እሸት ቡና ጭኖ የሚመላለስ ሞተር ልዩ ትኩረት ይሻል። ኩንታሉ ከኋላ ጎማው ፐርኖ (ጎማው የሚዞርበት ብረት) ወደ ኋላ አልፎ ሲታሰር፣ የሞተሩ ፊት ይቀላል። መሪው ይንሳፈፋል፤ ዳገት ላይ ፊቱ መነሳት ይፈልጋል። ባለሞተሩ መሪው ሲንቀጠቀጥበት ጥፋቱን በፊት ሾክ ዘይት ያሳብባል። በዚህ ጊዜ ፊቱ የሚፈልገው ነፃ ሆኖ ከመሬቱ ጋር መከተልን ነው፣ ስለዚህ ወፍራም ዘይት ጠላቱ ነው። ጭነቱን በተቻለ መጠን ወደ አሽከርካሪው ያስጠጉ፣ የኋላ ሾኩን ማጥበቂያ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ከፍ ያድርጉ፣ ፊት ላይ 10 ወይም 7.5 ይተዉ።

የመስክ ሠራተኞች የሚነዷቸው ረጅም እግር ያላቸው የገጠር ሞተሮች ሾካቸው ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ የያማሃ ኤክስቲዜድ 125 የፊት ሾክ ለምሳሌ 180 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። ረጅም ርቀት ያለው ሾክ ለመመለስ ጊዜ ስለሚፈልግ ከፋብሪካው ቁጥር በላይ ሲሄዱ ቅጣቱ ቶሎ ይታያል። በኮረኮንች ላይ ለሚውሉ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ለሚመዝኑ አሽከርካሪዎች ከ10 ወደ 7.5 መውረድ እጅን ያሳርፋል።

ምርጫው ትክክል መሆኑን ለማየት ሞተሩን 10 ደቂቃ ነድተው ያምጡት። ቀዝቃዛ ሾክ አይፈተንም፤ 10 ዲግሪ ላይ ያለ ዘይት ከ40 ዲግሪው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይወፍራል። የፊት ፍሬኑን ይያዙና መሪውን በሙሉ ክብደትዎ ወደ ታች ተጭነው በድንገት ይልቀቁ። ፊቱ ወጥቶ፣ ከማረፊያው ትንሽ አልፎ፣ ተመልሶ ጸጥ ካለ ደህና ነው። ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ከወጣ ቀጭን ነው ወይም አርጅቷል። እንደ ደከመ ሰው እየተጎተተ ከተነሣ ወፍሯል።

የዘይቱ ከፍታ፣ የተረሳው ማስተካከያ

በሾኩ ውስጥ ከዘይቱ በላይ የታፈነ አየር አለ። ሾኩ ሲጨመቅ ያ አየር እየተጨመቀ እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ አይሰማም፣ መጨረሻው ላይ ግን በጣም ይጠነክራል። ዘይት ሲጨመር የአየሩ ቦታ ይጠብና ያ ጥንካሬ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ ጉድጓድ ሲመታ ወለሉን የሚነካ፣ በተለመደው መንገድ ግን የሚስማማ ሾክ፣ የሚያስፈልገው ሌላ ቁጥር ያለው ዘይት ሳይሆን ጥቂት ሚሊ ሊትር ጭማሪ ነው።

ጥቂት የሚለው ቃል እዚህ ላይ እውነተኛ ነው። ክሮም ቱቦው ከውጭ 31፣ ከውስጥ 27 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ከፍታውን በ17 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሣዋል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ አይጨምሩ። ከመጠን ካለፈ አየሩ ሲታመቅ ኦይል ሲሉን ገፍቶ ያወጣዋል፤ «አዲስ ሲል አስገብቼ በሳምንቱ አፈሰሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

የሚለካው እንዲህ ነው። ሞላው ወጥቶ፣ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከክሮም ቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለው ርቀት ይለካል። መመሪያው ለምሳሌ 150 ሚሊ ሜትር ካለ፣ በዚያው የግሉኮስ ቱቦ ላይ 150 ላይ ፕላስተር ይጠቅልሉ፤ ፕላስተሩ ከቱቦው አፍ እኩል እስኪሆን ያስገቡና በሲሪንጁ ይሳቡ። ትርፉ ይወጣል፤ አየር መሳብ ሲጀምር ከፍታው ልክ ነው። ሁለቱን እግሮች በዚህ መንገድ እኩል ማድረግ በሚሊ ሊትር ከመስፈር የበለጠ ትክክል ነው፤ ያልተፈታ ሾክ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀር አሮጌ ዘይት ስላለ እኩል ተሰፍሮ ቢገባም እኩል ላይሆን ይችላል።

ሲቀየር

መጠኑን ከመመሪያው ያንብቡ። ብዙ መመሪያዎች ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዱ ዘይት ብቻ ሲቀየር፣ ሌላው ተፈቶ ታጥቦ ሲገጠም። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ዘይት ነው። አነስተኛ የመንገድ ሞተሮች በአንድ እግር ከ130 እስከ 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይወስዳሉ፤ ረጅም እግር ያላቸው ከ200 ወዲያ ያልፋሉ። ለመስፈር መለኪያ ከጠፋ፣ የሕፃን ጡጦ ላይ ያለው የሚሊ ሊትር መስመር ያገለግላል።

ሞተሩን በመሀል ማቆሚያው ያቁሙና ከሞተሩ በታች እንጨት ደግፈው የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሡ። ሾኩ ከመውጣቱ በፊት፣ ቱቦው ገና በመሪው ማቀፊያ ውስጥ እንደተያዘ፣ በመጀመሪያ የላይኛውን ማቀፊያ ቡሎን አላልተው የሾኩን ክዳን ትንሽ ያላሉ። ከወጣ በኋላ ክዳኑን ለማላላት ቱቦውን በፒንሳ መያዝ ክሮሙን ያቆስላል፣ የቆሰለ ክሮም ደግሞ ኦይል ሲሉን ይቀድዳል። ክዳኑ በሞላ ተገፍቷል፤ የመጨረሻዎቹን ጥርሶች በመዳፍዎ ወደ ታች እየተጫኑ ያውጡ፣ ፊትዎን ከላይ አያድርጉ።

አንዳንድ ሞተሮች ከታችኛው እግር ጎን ትንሽ የማፍሰሻ ቡሎን አላቸው። ከሌለ ሾኩን አውጥቶ መገልበጥ ግድ ነው። ዘይቱ ሲወርድ እያጨመቁ እያዘረጉ ቢያንስ 10 ጊዜ ይመላልሱት፣ ከዚያ ገልብጠው ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። የወጣውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ ይዩት። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ በክረምት ወንዝ የሚሻገሩ ሞተሮች ላይ የተለመደ ነው። ግራጫ ሆኖ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቡሽንጉ እየተበላ ነው። ጥቁርና የሚሸት ከሆነ ዕድሜው ብቻ ነው። በናፍጣ ማጠብ ይቻላል፣ ነገር ግን ናፍጣው ተንጠፍጥፎ ካላለቀ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፤ በመጨረሻ በ50 ሚሊ ሊትር አዲስ ዘይት አለቅልቆ መድፋት የተሻለ ነው።

አዲሱን ዘይት ከሞሉ በኋላ አየሩ እስኪወጣ በዝግታ 10 ጊዜ ያህል ያጨምቁ፤ መጀመሪያ ባዶ ሆኖ የሚሄደው ዘንግ ዘይት ሲይዝ እኩል መክበድ ይጀምራል። 10 ደቂቃ ያሳርፉት፣ ከፍታውን ይለኩ፣ ሞላውን ያስገቡ። የሞላው ጠመዝማዛ በአንዱ ጫፍ ከተጠጋጋ፣ የተጠጋጋው ጎን ወዴት እንደነበር ሲያወጡ ይያዙ።

ጎማው ሲገጠም የሚደረግ አንድ ስህተት አዲሱን ዘይት ከንቱ ያደርገዋል። ፐርኖው ጠብቆ፣ የታችኛው እግር መያዣ ቡሎንም ወዲያው ሲጠብቅ፣ ሁለቱ እግሮች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተጎትተው ሊቀሩ ይችላሉ። ያኔ ቱቦዎቹ እየታሹ ስለሚሄዱ ሾኩ ደረቅ ይሆናል። ፐርኖውን ያጥብቁ፣ መያዣውን ላላ አድርገው ይተዉ፣ ሞተሩን ከማቆሚያው አውርደው ፍሬን ይዘው ሾኩን አምስት ስድስት ጊዜ ያጨምቁ፤ እግሮቹ ቦታቸውን ካገኙ በኋላ መያዣውን ያጥብቁ።

ዘይት የማይፈታው

ሾክ ሲያፈስ ወፍራም ዘይት መሙላት ማፍሰሱን ለጥቂት ቀን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም። ቀዩ ጭቃ የአቧራ መከላከያው ጎማ ሥር ገብቶ ይደርቃል፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ የኦይል ሲሉን ከንፈር ገልጣ ስትይዝ ዘይቱ በዚያው ይወጣል። ሲሉ ሳይቀደድ በፊት ብዙ ጊዜ በማጽዳት ይድናል። የአሮጌ ራጅ ፊልም ሁለት ጣት በሚሆን ስፋት ይቁረጡ፣ ጫፉ ላይ በአንድ ጎን ትንሽ መንጠቆ ያውጡለት፤ የአቧራ ጎማውን በጥንቃቄ ዝቅ አድርገው፣ ፊልሙን በክሮሙና በሲሉ መካከል አስገብተው አንድ ዙር ያዙሩትና መንጠቆው ይዞት የሚመጣውን ቆሻሻ ይጥረጉ። በካቻቢቴ ይህን ማድረግ ሲሉን መግደል ነው። ፊልሙ ካልረዳ ሲሉ ይቀየራል፤ ዘይቱ ወደ ፊት ፍሬን ሸራ ከደረሰ ደግሞ ሞተሩ እስኪሠራ ባይነዳ ነው የሚሻለው።

ክሮሙ ላይ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲስ ሲል አይበቃም። የተጣመመ ቱቦም ማንኛውንም ዘይት ያስወቅሳል፤ አውጥተው በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲያንከባልሉት ከሥሩ ብርሃን እየመጣ እየሄደ ከታየ ተጣሟል።

ሞላው መድከሙን ለማወቅ ክሮሙ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩ። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ማሰሪያውን ወደ ታች እስከ አቧራ ጎማው ያስጠጉት፤ ሞተሩን ቀስ አድርገው አውርደው፣ በተለመደው ክብደትዎ ይቀመጡና ሳያናውጡ ይውረዱ። ማሰሪያው የተንሸራተተው ሾኩ ከሚሄድበት ርቀት ከሩብ እስከ ሲሶ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ 120 ሚሊ ሜትር ለሚሄድ ሾክ ከ30 እስከ 40 ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ሞላው ደክሟል። ክዳኑ ሥር በሮንዴላና በቱቦ ቁራጭ 10 ሚሊ ሜትር ማስረዘም ለጊዜው ያነሣዋል፤ ከ20 በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ሞላ መቀየር አለበት፣ ጠመዝማዛዎቹ ሳይጨመቁ ገና ተነካክተው ይቆለፋሉና።

ደህና የሚሠራ ሾክ ዘይቱ በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ገጠር የሚመላለስ ከሆነ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ የቡናው ሥራ ሳይጀመር፣ በመስከረም መጨረሻ በየዓመቱ መቀየር ከሲልና ከቡሽንግ ወጪ ያድናል። ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትር እንደነዱ ሁለቱንም ክሮሞች በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጥቂት ይንዱና እንደገና ይዩ። ስስ የዘይት ልስልስነት የተለመደ ነው። ከአቧራ ጎማው በላይ ጠብታ የሚሠራ ቀለበት ካለ ግን በፊልሙ ያጽዱትና በማግስቱ ደግመው ይመልከቱት።